የሶሻል ወርክ ጥናታችሁን ጆርናል ላይ እንዴት ታሳትማላችሁ?

ብዙ ጥሩ የሶሻል ወርክ ጥናት ሳይነበብ ይቀራል። መመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ወይም የድርጅት ሪፖርት ሆኖ ፋይል ውስጥ ያድራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጥናቱ ድክመት አይደለም። ጸሐፊው ጆርናል የሚባለው ነገር (ጥናቶች በሙያው ሰዎች ተገምግመው የሚወጡበት መጽሔት) የትላልቅ ፕሮፌሰሮች ጉዳይ ብቻ ስለሚመስለው ገና ሳይሞክር ይተወዋል። ሥራው ረጅም ነው፣ አድካሚም ነው፤ ግን ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ነገር ነው፣ መንገዱን ያወቀ ሰው ይወጣዋል።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጠው የደረሰባቸውን ጥቃት፣ የልጃቸውን ከቤት መወሰድ፣ የሕመማቸውን ነገር ያጫወቷችሁ ሰዎች ያን ሁሉ የነገሯችሁ እናንተ እንድትመረቁ ብቻ ብለው አይደለም። «ነገ ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይሆን» ብለው ነው። ይህን ሐሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዙት፣ ምክንያቱም ከታች የማነሳቸው ብዙ ውሳኔዎች ላይ የሚመራችሁ እሱ ነው።

1. አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ

መመረቂያ ጽሑፍ ከመቶ ገጽ በላይ ሊሆን ይችላል። የሶሻል ወርክ ጆርናሎች በአብዛኛው የሚቀበሉት ከ5,000 እስከ 8,000 ቃላት ነው፣ ብዙ ጊዜ የማጣቀሻ ዝርዝሩንም ጨምሮ። ስለዚህ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መቁረጥ ነው። ከዚህ ምዕራፍ ትንሽ፣ ከዚያ ምዕራፍ ትንሽ ይቀንስና የተጨመቀ ቴሲስ ይልካል። ኤዲተሮች ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ያውቁታል፤ መግቢያው አገር ምድሩን ያካልላል፣ ውጤቱ ግን ሦስት አንቀጽ ነው።

አትቁረጡ። አዲስ ጽሑፍ ጻፉ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ። ለምሳሌ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወጥተው ራሳቸውን ለመቻል ስለሚሞክሩ ወጣቶች አጥንታችኋል እንበል። ቴሲሱ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ችግር አለ፣ የትምህርት መቋረጥ አለ፣ ብቸኝነት አለ፣ ከወጡ በኋላ ከቀድሞ ሠራተኞች ጋር ያላቸው ግንኙነት አለ። ይህ ሁሉ በአንድ አርቲክል አይገባም። ከነዚህ መካከል ሌላ ሰው ብዙም ያልጻፈበት፣ የእናንተ መረጃ ግን ጠንካራ የሆነበት የትኛው ነው? ምናልባት የመጨረሻው ነው፤ ወጣቶቹ ከወጡ በኋላም ለቀድሞ ሠራተኛ በድብቅ ይደውላሉ፣ ሠራተኛዋም ከደንቡ ውጪ ታነሳለች። በቃ፣ አርቲክሉ ይሄ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። «ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው…» ብላችሁ ጀምሩና በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። «እንዲሁም» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ካስፈለጋችሁ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ሁለት አርቲክል ነው።

ከአንድ መረጃ ሁለት አርቲክል ማውጣት ነውር አይደለም። ነውሩ አንዱን ግኝት ቆራርሶ፣ ቃል ቀያይሮ ሁለት ሦስት ቦታ ማሳተም ነው። ጥያቄዎቹ በእርግጥ የተለያዩ ከሆኑ ለኤዲተሩ ከዚሁ መረጃ ሌላ ጽሑፍ እንዳለ በግልጽ ንገሩ፣ በጽሑፉም ውስጥ ጥቀሱት።

2. ጆርናሉን ከመጻፋችሁ በፊት ምረጡ

ብዙ ሰው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ጆርናል የሚፈልገው። ይህ ድርብ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም የምትጽፉለት አንባቢ ማን እንደሆነ ሳታውቁ ምን ማብራራት እንዳለባችሁ፣ ምኑን ደግሞ መዝለል እንደምትችሉ ማወቅ አትችሉም።

የሶሻል ወርክ ጆርናሎች ስማቸው ቢመሳሰልም ጠባያቸው ይለያያል። ሶሻል ሰርቪስ ሪቪው ከ1927 ጀምሮ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የሚታተም አንጋፋ ሲሆን ወደ ፖሊሲና ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ሥርዓት ያደላል። ሪሰርች ኦን ሶሻል ወርክ ፕራክቲስ በ1991 የተጀመረ ነው፤ የሚፈልገው አንድ የድጋፍ ዘዴ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን በማስረጃ የሚለካ ጥናት ነው። ኳሊቴቲቭ ሶሻል ወርክ፣ ስሙ እንደሚለው፣ የቃለ መጠይቅና የምልከታ ጥናቶች ቤት ነው። ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሶሻል ወርክ ከ1971 ጀምሮ አለ፣ ሰፊ ርዕስ ያስተናግዳል። ኢንተርናሽናል ሶሻል ወርክ የሦስት ዓለም አቀፍ ማኅበራት ጆርናል ነው፣ እዚያ የምትልኩት ነገር ከአንድ አገር አልፎ ለሌላው ምን እንደሚል ማሳየት አለበት። አፊሊያ የሴቶችን ጉዳይ በፌሚኒስት ዓይን የሚያይ ነው። ጥናታችሁ ሶሻል ወርክን ስለማስተማር ከሆነ ደግሞ ጆርናል ኦፍ ሶሻል ወርክ ኤጁኬሽን አለ። ቻይልድ ኤንድ ፋሚሊ ሶሻል ወርክ በሕፃናትና በቤተሰብ ላይ ያተኩራል።

ታዲያ ከነዚህና ከሌሎቹ የትኛው ነው የእናንተ? የራሳችሁን ማጣቀሻ ዝርዝር ክፈቱ። ደጋግማችሁ የጠቀሳችሁት ጆርናል አንባቢዎች እናንተ የምታወሩትን ወሬ እያወሩ ነው ማለት ነው። ከዚያ የጆርናሉን ዓላማና ወሰን የሚያብራራውን ገጽ አንብቡ፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ርዕሶች አገላብጡ፣ ለእናንተ ቅርብ የሆኑትን ሦስት አርቲክሎች አውርዳችሁ አጥኗቸው። ይዘታቸውን ሳይሆን አሠራራቸውን፦ መግቢያው ስንት አንቀጽ ነው? የአጠናን ዘዴውን በምን ያህል ዝርዝር ጻፉት? ንድፈ ሐሳብ የት ጋ አስገቡ? ሁለት ተጠባባቂ ጆርናሎችም ከወዲሁ ጻፉ፣ በኋላ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውን፣ የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር ብዙ አታምልኩት። ለእድገት ወይም ለሥራ ውድድር የሚቆጠር ከሆነ ተመልከቱት፣ ግን ጽሑፋችሁን ማንበብ የሚገባቸው ሰዎች የማያነቡት ጆርናል ላይ ከፍተኛ ቁጥር ምንም አያደርግላችሁም።

የገንዘቡን ነገር አሁኑኑ አጣሩ። ብዙዎቹ የሶሻል ወርክ ጆርናሎች ያለ ክፍያ ማሳተም የሚቻልባቸው ናቸው፤ አንባቢው ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ይከፍላል። ጽሑፉ ለማንም በነፃ ክፍት እንዲሆን ከፈለጋችሁ ነው ክፍያ የሚመጣው፣ ክፍያው ደግሞ ከባድ ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑት ጆርናሎች በበኩላቸው አብዛኛውን ጊዜ ከጸሐፊው ያስከፍላሉ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ብዙ አሳታሚዎች ሪሰርችፎርላይፍ የሚባለው የጥናት ጽሑፎች ተደራሽነት ፕሮግራም ባለው የአገሮች ዝርዝር መሠረት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ። የቅናሽ ጥያቄውን ጽሑፉን ስትልኩ ወዲያውኑ አቅርቡ፣ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ የማያስተናግዱ አሉና።

ከአጭበርባሪ ጆርናሎች ተጠንቀቁ። እነዚህ ሳትጠይቋቸው ኢሜይል ይልካሉ፣ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብለው ያሞግሷችኋል፣ በአንድ ሳምንት እናትማለን ይላሉ፣ ግምገማ የለም፣ ክፍያ ግን አለ። አንዴ እዚያ የወጣን ጽሑፍ ሌላ ጆርናል አይቀበለውም፣ የሰዎቹ ታሪክም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ቲንክ ቼክ ሰብሚት የሚባለው ነፃ የማጣሪያ ዝርዝር አለ፣ ተጠቀሙበት። ጆርናሉ ክፍት ነኝ የሚል ከሆነ ዲኦኤጄ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ ፈልጉት። የእውነተኛ ጆርናል ስም ሰርቀው የሚነግዱም ስላሉ፣ በኢሜይል የመጣላችሁን ሊንክ አትከተሉ፣ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ግቡ።

3. ጸሐፊ ማን እንደሆነ ተነጋገሩ

ይህን ንግግር ሰው ያፍርበታል፣ ስለዚህ ያዘገየዋል፣ በኋላ ወዳጅነት ያበላሻል። ከመጻፋችሁ በፊት ማን በስንተኛ ደረጃ እንደሚጻፍ ተስማሙና በኢሜይል አስቀምጡት። በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ጸሐፊ ለመባል አራት ነገር ይጠይቃል፦ በጥናቱ ሐሳብ ወይም በመረጃው ላይ እውነተኛ ድርሻ፣ በጽሑፉ ላይ እውነተኛ ድርሻ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ እና ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አማካሪያችሁ እነዚህን ካሟሉ ስማቸው ይገባል፤ አለቃ ስለሆኑ ብቻ ግን አይገባም። ቃለ መጠይቁን ያመቻቸችው ሶሻል ወርከር ትንተናውም ላይ ከተሳተፈች፣ ምስጋና ክፍል ውስጥ አንድ መስመር ሰጥቶ ማለፍ በደል ነው፣ ጽሑፉንም አብራችሁ እንድትሠሩ ዕድሉን ስጧት። የራሳቸውን ሕይወት ልምድ ይዘው በተመራማሪነት የተሳተፉ ሰዎችም እንደዚሁ።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ጸሐፊ ሊሆኑ አይችሉም። የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ኮፕ ይህን በ2023 በግልጽ አስቀምጧል፣ ምክንያቱም ለሥራው ተጠያቂ መሆን የሚችለው ሰው ነው። ለቋንቋ ማረሚያ ከተጠቀማችሁ ጆርናሉ በሚጠይቀው መሠረት አሳውቁ። የቃለ መጠይቅ ጽሑፎችን ግን በፍጹም እንደዚህ ያለ ቦታ አታስገቡ። ሰዎቹ የፈቀዱላችሁ ለእናንተ ነው።

4. የሰዎቹን ምሥጢር ጠብቁ፣ ስም ከመቀየርም በላይ

እዚህ ጋ ረጋ እንበል፣ ምክንያቱም ሶሻል ወርክን ከሌላው ዘርፍ የሚለየው ዋናው ቦታ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሥነ ምግባር ፈቃዱ። ጆርናሎች ያጸደቀውን ኮሚቴና የፈቃዱን ቁጥር ይጠይቃሉ። ፈቃድ የሚሰጠው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይገኝም። ለአገልግሎት የተሰበሰበ የደንበኞች ፋይል ላይ ተመርኩዛችሁ መጻፍ ከፈለጋችሁ፣ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ስላለ ብቻ አትጀምሩ። ለኮሚቴው አቅርቡና ወይ ፈቃድ፣ ወይ ፈቃድ እንደማያስፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ያዙ። የድርጅቱ ፈቃድ ለብቻው ነው፣ እሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ከዚያ ማንነትን መሸሸግ። ስም መቀየር በቂ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ይሄን አስቡት፦ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ «ተሳታፊ 7፣ ሴት፣ 43 ዓመት፣ ነርስ፣ የመንታ ልጆች እናት» ተብሎ ተጽፏል፣ ሁለት ገጽ ወረድ ብሎ ደግሞ ተሳታፊ 7 ባሏ ያደረሰባትን ትናገራለች። የማታውቃት አንባቢ አትለያትም። እህቷ፣ የሥራ ባልደረባዋ፣ ባሏ ግን ይለዩዋታል። አንዱ ዝርዝር ብቻውን ምንም አይልም፣ ሲደማመሩ ነው ሰውየውን የሚያጋልጡት።

መፍትሔዎቹ ቀላል ናቸው። ዕድሜን በክልል ጻፉ፣ ከ40 እስከ 49 ማለት ይበቃል። ሙያን አስፉ፣ «የጤና ባለሙያ» በሉ። የተሳታፊዎችን መግለጫ በአንድ ላይ አጠቃላችሁ ጻፉና ከጥቅሶቹ ጋር አታገናኙት። የአገልግሎት መስጫውን ስም አውጡ፣ ዓይነቱን ግለጹ። ለትንተናው አስፈላጊ ያልሆነ ዝርዝር ከቀየራችሁ፣ መቀየራችሁን በዘዴው ክፍል ተናገሩ። ለትንተናው አስፈላጊ የሆነውን ግን አትቀይሩ፤ እሱን መቀየር ውጤቱን መቀየር ነው። በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ከሆነ፣ ለኅትመት ለብቻው የተሰጠ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከተቻለም የተጻፈውን ራሳቸው ያንብቡት ወይም ይነበብላቸው።

የሰዎቹ አጠራርም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። «ሱሰኛ» እና «የአደንዛዥ ዕፅ ችግር ያለበት ሰው» አንድ አይደሉም። ስለሰዎቹ የጻፋችሁትን አንቀጽ ፊታቸው ተቀምጣችሁ ጮክ ብላችሁ ማንበብ የምትችሉ ከሆነ፣ ደህና ነው። የምትሸማቀቁበት ቃል ካለ እሱን ቀይሩት።

5. ጽሑፉን ከመሃል ጀምሩ

ከመግቢያው አትጀምሩ። መግቢያ ስለምን እንደምትናገሩ ካወቃችሁ በኋላ የሚጻፍ ነገር ነው። የኔ ምክር በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ የአጠናን ዘዴ፣ ግኝት፣ ውይይት፣ መግቢያ፣ አብስትራክት (ጽሑፉ አናት ላይ የሚቀመጠው አጭር መግለጫ)፣ ርዕስ።

ዘዴው ላይ ያደረጋችሁትን ጻፉ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ አትገልብጡ። «ዓይነታዊ (ኳሊቴቲቭ) ጥናት ማለት…» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም። ሰዎቹን እንዴት አገኛችኋቸው? እምቢ ያሉ ነበሩ? ቃለ መጠይቁን ማን አደረገ? ትንተናውን ማን ከማን ጋር ሠራ፣ ሳትስማሙ ስትቀሩስ ምን አደረጋችሁ? በተለይ እናንተው የዚያ አገልግሎት ሠራተኛ ሆናችሁ ደንበኞቹን ያጠናችሁ ከሆነ ይህን ደብቃችሁ አትለፉት። ተሳታፊው ስለ አገልግሎቱ መጥፎ ነገር ለመናገር እንዳይፈራ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩን። ቃለ መጠይቁ በአንድ ቋንቋ ተደርጎ ጥቅሱ በሌላ ቋንቋ የሚወጣ ከሆነ ማን እንደተረጎመውና ትርጉሙ እንዴት እንደተጣራ ጻፉ፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል።

ምንም እንዳትረሱ የሚረዱ ዝግጁ ዝርዝሮች አሉ። ለቃለ መጠይቅና ለቡድን ውይይት ኮሬክ አለ፣ 32 ነጥብ አለው። የጥናቶች ስልታዊ ቅኝት ለሠራችሁ የ2020ው ፕሪዝማ 27 ነጥብ አለው። ለሙከራ ጥናት ኮንሶርት፣ በመጠይቅ ለሚሠሩና ለመሳሰሉት የምልከታ ጥናቶች ደግሞ ስትሮብ አለ። ሳትልኩ በፊት አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ግኝቱ ላይ ጥቅስ ደርድራችሁ አትሂዱ። እያንዳንዱ ጥቅስ ከፊቱ ወይም ከኋላው የእናንተ ትንተና ይኑረው፤ አንባቢው «ታዲያ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ አታድርጉት። የአንድ ሁለት አንደበተ ርቱዕ ሰዎች ጥቅስ ብቻ እየተደጋገመ እንዳይሆንም ቁጠሩ። በቁጥር የሠራችሁ ደግሞ «ልዩነቱ ጉልህ ነው» ብላችሁ አትቁሙ። ልዩነቱ ምን ያህል ትልቅ ነው? በሰው ሕይወት ላይ የሚታይ ነው? መሃል ላይ ያቋረጡ ሰዎችስ የት ገቡ?

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን፣ ጥናቱ ለሥራው ምን ይላል ወደሚለው። ብዙ ጽሑፍ እዚህ ጋ ይደክማል። «ሶሻል ወርከሮች ግንዛቤያቸውን ማሳደግ ይኖርባቸዋል፣ ባለድርሻ አካላት በቅንጅት መሥራት አለባቸው፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ተብሎ ያልቃል። ይህ ዓረፍተ ነገር የትኛውም ጥናት ጫፍ ላይ ቢለጠፍ ያው ነው። ማንም አይቃወመውም፣ ማንም ሥራውን አይቀይርበትም።

የቅድሙን ምሳሌ እንውሰድ። ወጣቶቹ ከማሳደጊያው ከወጡ በኋላ ለቀድሞ ሠራተኛ በድብቅ የሚደውሉ ከሆነ፣ ለሥራው የሚለው ምንድነው? ድርጅቱ ከወጡ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መደወል በይፋ የሚፈቀድበት አሠራር ያብጅ። ያ ስልክ የሚነሳበት ሰዓት በሠራተኛዋ የሥራ ጫና ውስጥ ይቆጠርላት። ከመውጣታቸው በፊት ባለው የዝግጅት ውይይት ላይ «ሲጨንቅህ ለማን ትደውላለህ?» የሚል ጥያቄ ይግባ። እነዚህን አንብባ አንዲት የክፍል ኃላፊ ነገ ስብሰባ ላይ ልታነሳቸው ትችላለች። እያንዳንዱን ምክር ከየትኛው ግኝት እንደመጣ በክር አያይዙት፣ መረጃችሁ የማይሸከመውን ደግሞ አትምከሩ። 15 ሰው አናግራችሁ የአገር ፖሊሲ ይለወጥ ካላችሁ ገምጋሚው አይለቃችሁም፣ እውነቱንም ነው።

የጥናቱን ውስንነት በሐቀኝነት ጻፉ፣ ግን ራሳችሁን አትውቀሱበት። አብስትራክቱ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ቃላት ነው። አብዛኛው አንባቢ ከእሱ አያልፍም፣ ስለዚህ ግኝቱን እዚያው ንገሩት። «ግኝቶቹ ተብራርተዋል» ማለት ምንም አለማለት ነው።

6. አጽዱና ላኩ

ይሄኛው አሰልቺ ነው፣ ቶሎ እንለፈው። የጆርናሉን የጸሐፊዎች መመሪያ አትማችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ብዙዎቹ የሶሻል ወርክ ጆርናሎች ኤፒኤ የሚባለውን የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር አጣቃቀስ ይከተላሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ግምገማው በአብዛኛው ስም ተሰውሮ የሚካሄድ ስለሆነ ስማችሁን፣ የተቋማችሁን ስም፣ ምስጋናውን፣ የኮሚቴውን ስም፣ «ቀደም ባለው ጥናታችን» የሚሉ አገላለጾችን ከዋናው ፋይል አውጡ። ፋይሉ ራሱ ውስጥ የተደበቀውን የጸሐፊ ስምም አጥፉ። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነፃ አውጡ፣ ስማችሁ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ የሚጻፍ ከሆነ በጣም ይጠቅማችኋል።

ለኤዲተሩ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ ምን አገኛችሁ፣ ለዚህ ጆርናል አንባቢ ለምን ይጠቅማል፣ ሌላ ቦታ አልታተመም፣ አሁንም ሌላ ቦታ ለግምገማ አልተላከም። አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ነው የሚላከው። ይህ የኅትመት ሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፣ ከተያዛችሁ ሁለቱም ይመልሱባችኋል።

7. ጠብቁ፣ ከዚያ መልስ ስጡ

ኤዲተሩ ለገምጋሚ ሳይልክ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊመልስባችሁ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ «ለኛ ጆርናል አይሆንም» ማለት ነው። ለገምጋሚ ከሄደ ግን ወራት ይወስዳል። ገምጋሚዎቹ ሳይከፈላቸው የሚሠሩ፣ የራሳቸው ሥራ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ሦስት ወር ካለፈ ሁኔታውን በትሕትና መጠየቅ ይቻላል።

«ከፍተኛ ማስተካከያ ያስፈልጋል» የሚል መልስ ሲመጣ አትደንግጡ። ጥሩ ዜና ነው! ኤዲተሩ በሩን ክፍት አድርጎላችኋል። አስተያየቱን አንድ ጊዜ አንብቡት፣ ዝጉት፣ አንድ ሁለት ቀን እደሩበት። በተናደዳችሁበት ሰዓት ምንም አትጻፉ።

ከዚያ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሥሩ። አንደኛው ላይ የገምጋሚውን ቃል አንድ በአንድ ቆርጣችሁ አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ መልሳችሁን፣ ሦስተኛው ላይ ለውጡ የሚገኝበትን ገጽ። አንዲት አስተያየት ሳትመለስ አትለፍ፣ ትንሽም ብትሆን። «አስተካክለናል» ብቻ አይበቃም። የተጨመረውን ዓረፍተ ነገር እዚያው ለጥፉት፣ ገምጋሚው ፍለጋ እንዳይገባ።

የማትስማሙበት ነገር ካለስ? መቃወም ትችላላችሁ፣ ምክንያት ስጡ እንጂ። ለምሳሌ ገምጋሚው የእያንዳንዱን ተሳታፊ ዕድሜ፣ ሥራና የቤተሰብ ሁኔታ በሰንጠረዥ ካላየሁ ይላል። እንዲህ መልሱለት፦ «የተሳታፊዎቹ ሁኔታ ለአንባቢ ግልጽ መሆን እንዳለበት እንስማማለን። ሆኖም ጥናቱ የተካሄደው በአንድ አነስተኛ አገልግሎት ውስጥ በመሆኑ ዝርዝሩ በግለሰብ ደረጃ ቢወጣ ተሳታፊዎች ሊታወቁ ይችላሉ። በምትኩ አጠቃላይ መግለጫውን በገጽ 9 አስፍተናል።» ይህን ዓይነት መልስ ጥሩ ኤዲተር ይቀበላል። እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ ለመታተም ብላችሁ አትሸነፉ። ሁለት ገምጋሚዎች የሚጻረር ነገር ከጠየቁ ደግሞ ተጨንቃችሁ ሁለቱንም ለማስደሰት አትሞክሩ፣ የትኛውን እንደመረጣችሁና ለምን እንደሆነ ለኤዲተሩ ንገሩ።

ገምጋሚው ያልገባው ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። «ገጽ 6 ላይ ጽፈነዋል» ብላችሁ አትለፉ። እሱ ካላየው ሌላውም አንባቢ አያየውም፣ አጉልታችሁ ጻፉት።

8. ከተመለሰባችሁ

ይመለስባችኋል። ስማቸው የገነነ ተመራማሪዎችም ይመለስባቸዋል። አስተያየት አብሮ ከመጣ ጠቃሚውን ውሰዱ፣ አስተካክሉ፣ መጀመሪያ ከጻፋችኋቸው ተጠባባቂ ጆርናሎች ወደ ቀጣዩ ላኩት። ሳታሻሽሉ አትላኩት፣ መስኩ ጠባብ ስለሆነ ያው ገምጋሚ እንደገና ሊደርሰው ይችላል። በሌላ በኩል ወር ሁለት ወር እያላችሁ አታቆዩት። የሚሞቱት ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚህ ጊዜ ነው፣ ከመጀመሪያው እምቢታ በኋላ። ይግባኝ ማለት የሚያዋጣው ገምጋሚው ግልጽ የሆነ የሐቅ ስሕተት ሠርቶ ውሳኔው በዚያ ላይ ከተመሠረተ ብቻ ነው።

9. ከታተመ በኋላ

ተቀባይነት ሲያገኝ የማረሚያ ቅጂ ይላክላችኋል፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሱ ይባላል። የስሞችን አጻጻፍ፣ ሰንጠረዦቹን፣ ጥቅሶቹን በደንብ እዩ፣ ከዚህ በኋላ ማረም ከባድ ነው። የምትፈርሙትን ውል አንብቡ። ብዙ አሳታሚዎች የታተመውን ቅጂ ባይፈቅዱም፣ ግምገማ ያለፈውን የእናንተን ቅጂ በተቋማችሁ ማኅደር ላይ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ ወዲያው፣ አንዳንዶቹ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ። ለጆርናል መክፈል የማይችሉ የመስክ ሠራተኞች የሚያነቡት ያንን ቅጂ ነው።

በመጨረሻም ሁለት ገጽ የማትሞላ ማጠቃለያ ጻፉ፣ ተሳታፊዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ ያለ ንድፈ ሐሳብና ያለ ስታትስቲክስ። ለአገልግሎቱ ሠራተኞችና ውጤቱን ማወቅ እንፈልጋለን ላሉ ተሳታፊዎች አድርሱ። የአላላኩ መንገድ ራሱ ሰውን እንዳያጋልጥ አስቡበት፤ ስለ ጥቃት የተደረገ ጥናት ማጠቃለያ በፖስታ ወይም በጋራ ስልክ ቤት ድረስ መላክ የለበትም። ማን በምን መንገድ እንዲደርሰው እንደሚፈልግ ቃለ መጠይቁ ቀን ጠይቃችሁ ከፈቃድ ቅጹ ጋር መዝግቡ። ያን ቀን ካልጠየቃችሁ፣ ከሰዎቹ ጋር በመደበኛነት የምትገናኘው ሶሻል ወርከር በቀጠሯቸው ላይ በአካል ታንሳላቸው።